«ሃሎ» በስንት ይሸጣል?

ባለፈው ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ማኪያቶ ጋበዘኝ። ተማሪዬ ስላችሁ፣ የግጥም ትንተናን በ«ሲ» ያለፈ ልጅ ነው፤ በገንዘብ ትንተና ግን እኔን ብቻ ሳይሆን መምህራኑን ሁሉ ሳያስከነዳ አልቀረም። ዛሬ በስልክና በኢንተርኔት ንግድ ላይ ድርጅቶችን እያማከረ ይኖራል፤ ከረባቱን ስታዩት ምክሩ ገበያ እንዳለው ይገባችኋል። ማኪያቶው እስኪመጣ እንኳ አልታገሠም።

«ጋሼ፣ እነዚህ ኢሞ፣ ቫይበር፣ ዋትስአፕ የሚባሉት ነገሮች እኮ የአገር ሀብት እንደ መዥገር እየመጠጡ ነው» አለኝ።

«እንዴት ሆኖ?»

«ምሰሶ ተካዩ ሌላ፣ ኬብል ዘርጊው ሌላ፣ ጄኔሬተር ገዢው ሌላ። እነሱ አንዲት ምስማር ሳይመቱ በሰው መስመር ላይ ደንበኛ ያስተናግዳሉ። ድሮ ከውጭ በሚደወል ስልክ ይገባ የነበረው ዶላር ደረቀ። መፍትሔው አንድ ነው፤ ጥሪውን ማስከፈል! እምቢ ካሉ መዝጋት!»

ይህን ተናግሮ አፉን ሳይገጥም ስልኩ ጮኸ። ታላቅ ወንድሙ ነው፣ ከዳላስ። በምን የደወለለት ይመስላችኋል? በዋትስአፕ! ልጄም ሳያፍር አነሳውና ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስለ እናታቸው የደም ግፊት፣ ስለ ቤቱ ኪራይ፣ ስለ ወንድሙ ልጅ ምረቃ አወራ። እኔ የራሴን ማኪያቶ ጨርሼ የእሱን በዓይኔ እጠጣ ጀመር። ስልኩን ሲያስቀምጥ፣ «እሺ፣ ሃያ ደቂቃውን በስንት ላስብልህ?» አልኩት። ሳቀ። ሐሳቡን ግን አልተወም። እኔም አልተውኩትም፤ ቤቴ ገብቼ ስከራከረው አደርኩ። ይኸው የተረፈኝን በአደባባይ ልጨርሰው ነው።

ከክርክሩ በፊት ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። እኔ ባደግኩበት ሰፈር ፊደል የቆጠረ ልጅ የመንደሩ ሁሉ ልጅ ነበር። ሥራዬ ደብዳቤ ማንበብ ነው። ዘመኑ የደርግ ነውና ልጆቻቸው ወደ ግንባር የሄዱባቸው እናቶች ፖስታውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጣሉ። ደብዳቤው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንድ ገጽ ሙሉ ሰላምታ፣ ከናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ የምትል መሐላ፣ ከዚያ ሁለት መስመር ቁም ነገር። እናትየዋ ግን «እስቲ እንደገና በልልኝ» ትላለች። እደግማለሁ። «እንደገና» ትላለች። እሠልሳለሁ። ያን ጊዜ የማልሰማ ሞኝ ትመስለኝ ነበር። ከዓመታት በኋላ በዩኒቨርሲቲ ስለ ድርሰት «ድምፅ» ሳስተምር፣ የተራኪው ድምፅ፣ የገጸ ባሕሪው ድምፅ እያልኩ ሰሌዳውን ሳቆሽሽ ነው ነገሩ የገባኝ። እነዚያ እናቶች ወረቀቱን እያስደገሙ ይፈልጉት የነበረው ድምፅ ነው። የልጃቸውን ድምፅ። እኔ ደግሞ የምሰጣቸው የራሴን ነበር።

ቀጥሎ የስልክ ቤት ዘመን መጣ። ከውጭ አገር የሚደወልለት ሰው በቀጠሮ ይሄዳል፤ ጸጉሩን ተበጥሮ፣ የክት ልብሱን ለብሶ፣ ሁለት ሦስት ጎረቤት አስከትሎ። ተራው ደርሶ መነጋገሪያው ሲሰጠው ግማሹ ጊዜ «ሃሎ! ሃሎ! ይሰማል? ማነህ? ጮክ በል!» በማለት ያልቃል። የቀረው ግማሽ በለቅሶ። ከወዲያ ማዶ ያለው ስደተኛ ደግሞ የመደወያ ካርዱን በሳንቲም ፍቆ፣ ከወንዝ የረዘመ ቁጥር አስገብቶ፣ ካርዱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ሌላ፣ የሚያወራው ደቂቃ ሌላ ሆኖበት ይብሰለሰላል። ከዚህ ወደዚያ መደወል የሚታሰብ አልነበረምና ሚስኮል የምትባል ጥበብ ወለድን። አንዴ ስትጮህ «ደህና ነኝ»፣ ሁለቴ ስትጮህ «ደውልልኝ»፣ ሦስቴ ስትጮህ «ብር ላክልኝ»። ድህነት ሰዋስው ሲፈጥር ያየሁት ያኔ ነው።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ለትዝታ ብዬ አይደለም። «ሃሎ» ማለት ለዚህ ሕዝብ ምን ያህል ውድ ዕቃ እንደነበረ ሳናስታውስ፣ ሲረክስ ማን እንደከሰረ መፍረድ ስለማንችል ነው።

ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። አምስት ዓመት ቆይቶ አዋጅ ቁጥር 281/1994 ወጣና በኢንተርኔት የድምፅና የፋክስ ልውውጥ ማድረግንም ሆነ አገልግሎቱን መስጠትን ከለከለ። በኢንተርኔት መነጋገር እርግጥ ከዚያ በፊትም ተጀምሯል። ዓለምን ያዳረሰው ስካይፕ ግን የተወለደው በነሐሴ 1995 ነው። ልብ በሉ! ሕፃኑ ሳይወለድ የክስ ማመልከቻው ተጽፎ ቆየው። የዚያን ዘመን ኢንተርኔት ቤቶች የምታስታውሱ ከሆነ ከመጋረጃ ጀርባ ያለችዋን አንዲት ኮምፒዩተር አትረሷትም። ባለቤቱ ግራ ቀኙን አይቶ ያስገባችኋል፤ እናንተም ለእህታችሁ ሰላምታ ለማቅረብ እንደ ሐሺሽ ሻጭ ትሽሎከሎካላችሁ።

አሥር ዓመት አለፈ። አዋጅ ቁጥር 761/2004 መጣ። በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሰጠ ከሦስት እስከ ስምንት ዓመት ጽኑ እሥራትና ያገኘውን ገቢ አምስት እጥፍ መቀጮ ተደነገገበት። ያን አገልግሎት ሆን ብሎም ሆነ በቸልተኝነት ያገኘ ሰው ደግሞ ከሦስት ወር እስከ ሁለት ዓመት እሥራትና ከ2,500 እስከ 20,000 ብር። በቸልተኝነት! ሰው በቸልተኝነት እሳት ያስነሳል፣ በቸልተኝነት መኪና ይገጫል፤ በቸልተኝነት ለእናቱ ሲደውል ግን የመጀመሪያ ጊዜ መስማቴ ነበር። የውጭ ጋዜጦች «ኢትዮጵያ ስካይፕን ከለከለች» ብለው ጮኹ። መንግሥት በበኩሉ የተከለከለው ያለ ፈቃድ መነገድ እንጂ ሰው ለዘመዱ መደወሉ አይደለም ብሎ አስተባበለ። እውነቱን ለመናገር እኔም በስካይፕ ከአክስቱ ጋር ሲያወራ ተይዞ የታሠረ ሰው አላውቅም። ነገር ግን ሕግ የሚጻፈው ዳኛው ደግ ሲሆን ብቻ እንዲሠራ አይደለም። የሚያስፈራ ሕግ ሳይተገበርም ያስፈራል።

እንግዲህ አስገራሚው ነገር ይኼ ነው። ሕጉ የጠመደው ጠላት «የኢንተርኔት ስልክ» ነበር። የኢንተርኔት ስልክን የገደለው ግን ሕጉ አይደለም። የጽሑፍ መልእክተኛው ነው!

ነገሩን ላፍታታው። ስካይፕ ራሱን የሚያየው እንደ ስልክ ነበር። ስም አውጣ፣ የምሥጢር ቃል ያዝ፣ ማዳመጫ ግዛ፣ ኮምፒዩተር ፊት ቁጭ በል፣ ወዲያ ያለውም ሰው በዚያው ሰዓት ቁጭ ይበል። ገቢውን ያገኝ የነበረው ደግሞ ከኮምፒዩተር ወደ ተራ ስልክ በሚደወል ጥሪ ደቂቃ እየቆጠረ በማስከፈል ነው። ርካሽ ሆኖ የመጣ የድሮ ስልክ ነበር ማለት ነው። ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ2005 በ2.6 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ማይክሮሶፍት በ2011 በ8.5 ቢሊዮን ወሰደው። ሁሉም «የወደፊቱን የስልክ ገበያ ያዝን» ብለው ነበር።

ገበያው ግን በሌላ በር ወጣ። ቫይበር እ.ኤ.አ. በ2010 ማብቂያ ላይ ሲመጣ ስም አውጣ አላለም፤ ስልክ ቁጥርህ ስምህ ነው አለ። በስልክህ ውስጥ የመዘገብካቸውን ሰዎች አይቶ «እነ እገሌ እዚህ አሉ» ብሎ ነገረህ። ዋትስአፕ ደግሞ መጀመሪያ ስለ ጥሪ አላነሳም። ከዩክሬን ከእናቱ ጋር ተሰዶ ካሊፎርኒያ የገባው፣ አባቱ እዚያው የቀረበት ያን ኩም ከባልንጀራው ጋር በ2009 ሲመሠርተው የጽሑፍ መልእክት መላኪያ ነበር። ፌስቡክ በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ በወር የሚጠቀሙበት 450 ሚሊዮን ሰዎች ነበሩ። ጥሪ የጨመረው በ2015፣ የምስል ጥሪ ደግሞ በ2016 ነው። ቴሌግራምም እንደዚሁ፤ በ2013 በመልእክት ጀመረ፣ በ2017 ጥሪ ጨመረ። ዘዴው ገባችሁ? መጀመሪያ ሰዉን ሰበሰቡ። ሰዉ ከተሰበሰበ በኋላ ጥሪውን እንደ ምርቃት ጣሉለት።

ምርቃት! መርካቶ ገብታችሁ ታውቃላችሁ። አንዱ ሱቅ በብር የሚሸጠውን ዕቃ ጎረቤቱ በምርቃት ከሰጠው፣ የመጀመሪያው ሱቅ ምን ይበጀዋል? ስካይፕ የዋጋ ውድድር አላሸነፈውም። ዕቃው ራሱ ከዋጋ ዓለም ወጣበት። ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ስካይፕን ዘጋው። ሃያ ሁለት ዓመት ሊሞላው ወራት ቀርተውት ነበር። የእኛ ሕግ አውጪዎች ለያዥ ለገናዥ ያስቸገረ ወንበዴ ያስመሰሉት ልጅ በዝምታ፣ በአልጋው ላይ ሞተ።

እና ይህን የምነግርህ፣ አንተ የቀድሞ ተማሪዬ፣ «ጥሪውን እናስከፍል» ስትል ያለህበትን ቦታ እንድታየው ነው። የምትሟገተው ለሞተ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ክሶችህ ልምጣ።

አንደኛው፣ «በሰው መንገድ በነፃ ይሄዳሉ» የሚለው ነው። ውሸት! በነፃ የሄደ የለም። እህቴ ኢሞ ከመክፈቷ በፊት ካርድ ትሞላለች፣ ዳታ ትገዛለች። የመንገዱን ከፍላለች። የድምፅ ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይፈጅም፤ የፈጀውን ያህል ተቆርጦባታል። መንገድ የሠራ ሰው የመንገዱን ቢያስከፍል እሰየው፣ ድካሙ ነው። ነገር ግን በኬላው ላይ ቆሞ፣ «የምትሄጂው ሠርግ ነው ለቅሶ? ለቅሶ ከሆነ እጥፍ ክፈዪ» ማለት ምን ዓይነት ንግድ ነው? ፎቶ ስትልክ፣ ዘፈን ስትሰማ፣ ጋዜጣ ስታነብ ያልተጠየቀችውን፣ ልጇን ስታናግር ለምን ትጠየቃለች?

ሁለተኛው፣ «ዶላሩ ደረቀ» ነው። እዚህ ላይ እውነት አለህ፤ አልክድህም። ከዱባይ ሰው በተራ ስልክ ሲደውል የዚያ አገር ኩባንያ ጥሪውን ለተቀበለው ለእኛ አገር ኩባንያ በውጭ ምንዛሪ ድርሻውን ይከፍል ነበር። በዚያ ገንዘብ ገጠር ድረስ ምሰሶ ተተክሏል። ታዲያ ያ ዶላር ከማን ኪስ ነበር የሚወጣው? ከአረብ ነጋዴ ኪስ? ከአሜሪካ ባንክ? አይደለም። በሰው ቤት ወለል ስታጥብ ከምትውል የእኛው ልጅ ደመወዝ ላይ ነው። ድምፅ በመስማቷ የተቀነሰባት ዶላር እኮ አሁን አልጠፋም። የጣሪያ ቆርቆሮ ሆኖ፣ የወንድሟ ትምህርት ቤት ክፍያ ሆኖ፣ የእናቷ የመድኃኒት ዋጋ ሆኖ እየመጣ ነው። በድርጅት ሒሳብ መዝገብ ላይ ስላልታየ የለም ማለት፣ ከቤተ መጻሕፍት ውጪ እውቀት የለም እንደሚሉ አንዳንድ ባልደረቦቼ መሆን ነው።

ሦስተኛው፣ «ማጭበርበር በዛ» ነው። ሲም ቦክስን ማለትህ ነው። ለማያውቁት ልንገራቸው፤ ከውጭ የመጣን ጥሪ በኢንተርኔት አሹልኮ፣ በተደረደሩ ሲም ካርዶች በኩል የአገር ውስጥ ጥሪ አስመስሎ የሚያወጣ ሣጥን ነው። ከአሜሪካ እየተደወለ ስልካችሁ ላይ በ09 የሚጀምር ቁጥር ይመጣ የነበረው በእሱ ነው። እሺ፣ ማጭበርበር ነው፤ ይቀጣ። ግን ለምን በቀለ? በዓለም አቀፉ ጥሪና በአገር ውስጡ ጥሪ ዋጋ መካከል ገደል ስለነበረ አይደለም? ገደል ባለበት ሁሉ ድልድይ የሚሠራ ኮንትሮባንዲስት አይጠፋም። በነፃ የሚደወልበት መተግበሪያ በየኪሱ ሲገባ ያ ሣጥን ለማን ብሎ ይጮሃል? ኮንትሮባንድን በመጨረሻ የሚገድለው ኬላ ሳይሆን ዋጋ ነው።

«በሌላ አገርስ?» ትለኝ ይሆናል። እነሆ ሌላ አገር። የሞሮኮ የስልክ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በጥር 2016 የኢንተርኔት ጥሪዎችን ዘጉ፤ ማራካሽ ላይ ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ጉባኤ ሊደገስ ሲል፣ በዚያው ዓመት በኅዳር ከፈቱ። እንግዳ ፊት ማፈር ደግ ነው! ኡጋንዳ ከሐምሌ 2018 ጀምሮ እንደ ዋትስአፕና ፌስቡክ ባሉት ላይ በቀን 200 ሽልንግ ግብር ጣለች። ሰዉ በቪፒኤን ዞሮ ገባ። በ2021 ያንን ትታ ግብሩን ዳታው ላይ አዞረችው። ሳዑዲ ዓረቢያም ለዓመታት የዘጋችውን የኢንተርኔት ጥሪ በመስከረም 2017 ፈቀደች። በኤሚሬትስ የዋትስአፕ ጥሪ ለዓመታት ታግዶ፣ ፈቃድ ባላቸው በነቦቲም እንዲደወል ተደርጓል፤ እዚያ የሚሠሩ ልጆቻችን ቪፒኤን የሚለውን ቃል ከአረብኛው ሰላምታ ቀድመው የሚማሩት ለዚህ ነው።

ከሁሉም የሊባኖሱ ይበልጣል። እሱን ደግሞ ከቤቴ ጀምሬ ነው የምነግራችሁ።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ከደሴ ወጣ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። እትዬ ፊደል አልቆጠረችም። ልጇ ቤይሩት በቤት ሠራተኛነት ስትሄድ፣ እኔ እንደ ልጅነቴ ደብዳቤ አንባቢ የምሆን መስሎኝ ነበር። አልሆንኩም። አንድ የጎረቤት ጎረምሳ ኢሞ ጭኖላት፣ ማይክራፎኑን ምስል በጣቷ አስነክቶ «ይችን ተጭነሽ አውሪ፣ ስትለቂያት ይሄዳል» አላት። በቃ። ከዚያ ወዲህ እትዬ ማንበብም መጻፍም አላስፈለጋት። ሌሊት ስትጸልይ ትቀዳለች፣ ዶሮ ሲጮህ ትቀዳለች፣ ቡና እያፈላች ትቀዳለች። ልጅቷ ማታ ሥራ ጨርሳ በማድ ቤት ጥግ ትሰማዋለች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አሠሪዋ በቀን የስልክ ሰዓት አትሰጣትም። የድሮው ስልክ ሁለቱም እኩል ነፃ እንዲሆኑ ይጠይቃል። መልእክቱ ግን ይጠብቃታል። ጥሪ በእነሱ ዘንድ የሳምንት አንድ ቀን በዓል ነው፤ የዕለት እንጀራው መልእክቱ ነው። ስልክ ነጋዴዎች ያልገባቸው ይህ ነው። መልእክተኛው ስልክን ያሸነፈው በርካሽነት ብቻ አይደለም፤ ለተገዢ ሰው፣ የራሱ ሰዓት ለሌለው ሰው ስለሚመች ነው።

በጥቅምት 2012 የሊባኖስ መንግሥት በዋትስአፕና በመሳሰሉት በሚደረግ ጥሪ ላይ ግብር ልጣል አለ። በቀን ሃያ የአሜሪካ ሳንቲም፣ ሲበዛ በወር ስድስት ዶላር። ትንሽ ናት አይደል? ሕዝቡ በዚያው ምሽት አደባባይ ወጣ። መንግሥት በሰዓታት ውስጥ ሐሳቡን አነሳ፤ ግን ረፍዶ ነበር። ኑሮ ያንገበገበው ሕዝብ ምክንያት አግኝቷል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሳድ ሐሪሪ ሥልጣን ለቀቁ። ባንክ፣ መብራት፣ ቆሻሻ፣ ሙስና ሁሉ ተጠራቅሞ ነበር፤ ጽዋውን ያፈሰሰችው ግን «ሃሎ» ላይ የተጣለችው ሃያ ሳንቲም ናት። ተማሪዬ ሆይ፣ ይህችን አስምርባት።

ከዚያ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. መጣ። ምሽት 12 ሰዓት አለፍ ሲል የቤይሩት ወደብ ፈነዳ። እኔ ዜናውን ያየሁት ከእራት በፊት ነው። ለእትዬ ልደውል ወይስ ልተው እያልኩ ስልኩን ይዤ ስዞር እሷ ደወለች። ለካ ቀድማኝ ሰምታለች። ከልጇ ዘንድ ሰባት ሰከንድ የምትሆን ድምፅ መጥታላት ኖሯል፤ «እማዬ ደህና ነኝ፣ መስታወት ነው እንጂ እኔን አልነካኝም፣ አታልቅሺ»። እትዬ ያቺን ሰባት ሰከንድ በስልኩ ውስጥ አሰማችኝ። «ሰማህ?» አለችኝ። «ሰማሁ» አልኳት። «እንደገና ላሰማህ» አለችኝ። አሰማችኝ። ሦስተኛም አሰማችኝ። የእነዚያን የልጅነቴን እናቶች ዕዳ የከፈልኩ መሰለኝ።

አሁን ደግሞ የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ገደማ በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። የተመለሰው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ፍንዳታው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቢሆን ኖሮ ያቺ ሰባት ሰከንድ የት ትገባ ነበር? በትግራይ ጦርነቱ ከተጀመረ ከጥቅምት 2013 በኋላ ስልኩም ኢንተርኔቱም ለሁለት ዓመት ገደማ ጠፍቶ፣ ሰው የእናቱን መሞት ከወራት በኋላ ሰምቷል። በአማራ ክልል በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ እትዬ ለወራት ጠብቃ ጠብቃ መንገዱ ሰላም ሲል ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ውላ እኔ ቤት መጣች። «ጠይቄህ ልሂድ ብዬ ነው» አለች። ውሸቷን ነው። የመጣችው ልጇን ልታይ ነው፤ በእኔ ዋይፋይ። ሦስት ቀን ከሶፋው አልተነሳችም።

እንግዲህ ስለ መልእክተኞቹ ይህን ሁሉ ውዳሴ ሳዥጎደጉድ፣ «ጋሼ ለፌስቡክ ጠበቃ ሆነ» እንዳትሉኝ። እኔ የማንም ጠበቃ አይደለሁም። በምርቃት የሚሰጥ ነጋዴ ከሌላ ቦታ እንደሚያተርፍ አውቃለሁ። ዋትስአፕ ንግግራችንን ከጫፍ እስከ ጫፍ በምሥጢር እንደሚቆልፍ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይናገራል፤ ጥሩ ነው። ማን ለማን፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደደወለ ግን ለባለቤቱ የሚታይ ነገር ነው፤ የሰፈር ወሬኛም ከዚህ የበለጠ አያስፈልጋትም። በ2025 ደግሞ ማስታወቂያ በአንድ ጥጉ ማስገባት ጀመረ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 የዚያ አንድ ኩባንያ ማሽኖች ሲታወኩ ፌስቡኩም፣ ኢንስታግራሙም፣ ዋትስአፑም ለስድስት ሰዓት ያህል በዓለም ዙሪያ ጠፉ። የአንድ ሰው በር ሲዘጋ የዓለም ሕዝብ ግማሽ ቀን ድዳ ሆነ። ይህ ደግ ገበያ አይደለም።

የባሰው ግንቡ ነው። በድሮው ስልክ የየትኛውም አገር ሰው የየትኛውንም ኩባንያ ደንበኛ ይደውልለት ነበር። ዛሬ የኢሞ ሰው የዋትስአፕን ሰው መጥራት አይችልም። የቫይበሩ የቴሌግራሙን አያገኝም። በአንድ ስልክ ላይ አምስት ስልክ ተሸክመን እንዞራለን፤ የአረቡ ዘመድ በኢሞ፣ የአሜሪካው በቫይበርና በዋትስአፕ፣ የመሥሪያ ቤቱ በቴሌግራም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሕግ ግዙፎቹን መልእክተኞች ለሌሎች በራችሁን ክፈቱ ብሏቸዋል፤ መጀመሪያ ለጽሑፍ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ደግሞ ለድምፅና ለምስል ጥሪ። ተማሪዬ ሆይ፣ ተቆጣጣሪ ማለት እንዲህ ነው! እናትየዋን ከመቅጣት ይልቅ ግንቡን ማፍረስ።

እና ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እላለሁ።

በመጀመሪያ፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ዘርፉን ለውድድር ከፍተናል፤ ከመስከረም 2015 ጀምሮ ሁለተኛ ኩባንያ በይፋ ሥራ ላይ ነው። ኩባንያዎቹ በዳታ ይነግዱ፣ በዳታ ጥራት ይፎካከሩ፣ ያትርፉ። ነገር ግን አንዱን ሜጋባይት ከሌላው ለይቶ «ይሄ ጥሪ ነውና ጨምሪ» ማለት ክልክል ነው የሚል ቃል በግልጽ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ በ761/2004 ውስጥ አገልግሎቱን ያገኘውን ሰው የሚቀጣው መስመር ይሰረዝ። አይተገበርም ካላችሁ ምን ያደርጋል? የማትነክስ ውሻ በር ላይ ማሰርስ ለምን አስፈለገ?

ሦስተኛውና ትልቁ፣ ኢንተርኔት ሲዘጋ የሚዘጋው ፌስቡክ ላይ የሚሳደበው ሰው አፍ ብቻ አለመሆኑ ይታወቅ። እሱማ ሌላ መሳደቢያ አያጣም። የሚዘጋው የእትዬ ጆሮ ነው። ዛሬ የአገሪቱ የረጅም ርቀት ስልክ ማለት እሱ ነው፤ ሌላ ስልክ የለንም፣ መልእክተኛው በልቶታል። ስለዚህ ኢንተርኔት መዝጋት ድሮ የስልክ ገመድ ከመቁረጥ ጋር አንድ ነው፤ በዚያው ክብደት ይታይ፣ በዚያው ክብደት ይጠየቅበት።

እትዬ ያን ጊዜ ከሦስት ቀን በኋላ ልትሄድ ስትነሳ ስልኳን በመሐረብ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ እየከተተች አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «አንተ፣ ይኼ መነጋገሪያ በነፃ ነው ይላሉ። እውነት ነው?»

«ዳታውን ከከፈልሽ፣ አዎ» አልኳት።

«ታዲያ ከከፈልኩት፣ ሲዘጉት ምን ያተርፋሉ?»

የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ፤ ለጥያቄ መልስ አላጣም ነበር። ለዚህኛው አጣሁ። ከረባት ያለው ይመልስላት።